የፋንታው ቦታ

ጋሽ ፋንታው የሞቱት በደም ግፊት ነው። እናቴ ለቅሶ ለሚደርሰው ሁሉ ይህንኑ ትናገር ነበር። «ሐኪሙ ጨው ተው ቢለው አልሰማ አለ፤ ግፊቱ ጣለው።» ስትናገር ፊቷ ላይ ሐዘን አለ፤ ከሐዘኑ ሥር ግን ኩራት የሚመስል ነገር አይ ነበር። ጋሽ ፋንታው ከሃያ አንድ ዓመት በፊት «ይህን ክረምት አይዘልቁም» የተባሉ ሰው ናቸው። ኤች አይ ቪ ይገድላቸዋል ሲባል የጭነት መኪና ሲነዱ ኖረው፣ ጡረታ ወጥተው፣ የልጅ ልጅ ስመው፣ እንደማንኛውም የደብረ ታቦር ሽማግሌ ጨው ሲያበዙ ሞቱ። ልብስ ሰፊው አለምነው ቀብር ላይ አጠገቤ ቆሞ «የተከበረ ሞት ነው። እኛንም ጨው ይግደለን» አለኝ።

አለምነውም፣ እናቴም፣ ጋሽ ፋንታውም የአንድ ማኅበር ሰዎች ናቸው። ማኅበሩ በየወሩ በሃያ ሁለት፣ በኡራኤል ቀን ይጠጣል። ሰፈሩ እንደ ሌላው የጽዋ ማኅበር አድርጎ ነው የሚያውቀው፤ አሥራ ሁለት ሰው፣ አንድ የሸክላ ጽዋ፣ ጸሎት፣ ዳቦና ጠላ፣ በተራ ከቤት ቤት የሚዞር። ሰፈሩ የማያውቀው አሥራ ሁለቱም ቫይረሱ በደማቸው ውስጥ ያለ መሆኑን ነው።

የመሠረቱት መምሬ ይሻው ናቸው፤ በዘጠና ስድስት ዓ.ም.፣ ሚስታቸውን በቀበሩ በዓመቱ። ያን ጊዜ በሽተኛ የጠጣበትን ብርጭቆ ሰው ከድንጋይ ጋር ያጋጨው ነበር። መምሬ እንደ እርሳቸው የሆኑ አሥራ አንድ ሰዎች ለቅመው ሰበሰቡ፤ ጽዋውን ሞልተው መጀመሪያ ራሳቸው ጠጡና ለሚቀጥለው አሳለፉ። ከዚያ በኋላ ሲታመሙ ተራ ገብተው ተጠባበቁ፣ ሲሞቱ ተቀባበሩ። ከመጀመሪያዎቹ አሁን ያሉት አራት ናቸው። ሰው ሲሞት ቦታው ለሌላ ይሰጣል፤ አሥራ ሦስተኛ ግን አይጨመርም። አንዴ የገባ እስከ ዕለተ ሞቱ አይወጣም። አገር ጥሎ የሚሄድ ካለ በስሙ የሚቀመጥ ወኪል ይተዋል።

ጽዋውን የተረከበ ሰው ሌላም ሥራ አለበት። በየሦስት ወሩ የሁሉንም መድኃኒት ከጤና ጣቢያ ያመጣል። ብልቃጦቹ አገልግል ውስጥ ይደረደራሉ፣ በላያቸው ዳቦ፣ በዳቦው ላይ ነጭ ጨርቅ። የማኅበር አገልግል ከፍቶ የሚያይ ሰው በእኛ አገር የለም። ክኒኑ በመንገድ እንዳይንሿሿ በየብልቃጡ አፍ የተባዘተ ጥጥ ይወተፋል፤ ጥጡን የምታዘጋጀው እናቴ ናት። የማኅበሩን መሪ ሙሴ ይሉታል፣ ሴት ብትሆንም ሙሴ ነው ስሟ። እናቴ እቴነሽ ዘጠኝ ዓመት ሙሴ ሆናለች።

እኔ መሠረት እባላለሁ። ስድስት ዓመት ሕንድ አገር፣ ፑኔ የምትባል ከተማ፣ ስታቲስቲክስ ተምሬ ባለፈው መስከረም ተመለስሁ። የተመለስሁት የእናቴ ጉልበት አልታዘዝ ብሏት እንጂ አገር ናፍቆኝ አልነበረም። እዚያ ሳለሁ እዚህ፣ እዚህ ስመጣ እዚያ መሆን ያሰኘኛል። ትምህርቱን እንድቀጥል የሚል ደብዳቤ ደርሶኝ ነበር፤ ሐምሌ አሥር ፑኔ መገኘት ነበረብኝ። ለእናቴ ስነግራት «ይሁና» አለች፣ ሌላ አልጨመረችም። እምነቴን የት እንደጣልሁት አላውቅም። ቤተ ክርስቲያን የምሄደው እናቴ ደረጃውን ብቻዋን ስለማትወጣው ነው።

እናቴ በሕይወቷ የምትመካበት አንድ ነገር አላት። የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ አባቴ በሞተ በወሩ፣ እጄን ይዛ ወስዳ አስመርምራኛለች። «ነጻ» የሚል ወረቀት ተሰጣት። ያ ወረቀት ዳዊቷ ውስጥ ነው የሚኖረው፣ እጥፋቱ ላይ ተቀዶ በፕላስተር ተለጥፏል። ምን እንደሆነ ያወቅሁት በአሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። ለማኅበሩ ሰዎች አልፎ አልፎ ታሳያቸዋለች። እትዬ የሺ ባለችበት ግን አታወጣውም፤ እትዬ የሺ ሁለተኛ ልጇን በአራት ዓመቱ ቀብራለች።

ግንቦት ሃያ ሁለት ተራው የእኛ ቤት ነበር። መምሬ ጸሎቱን ጀምረው ነበር። የጋሽ ፋንታው ቦታ፣ በመደቡ ጫፍ፣ አጎዛው ተነጥፎ ባዶውን ነበር። እትዬ ውዴ በሩ ላይ የቆሙት ያን ጊዜ ነው።

እትዬ ውዴ ጎረቤታችን ናቸው፤ የእኛንና የእርሳቸውን ቤት የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። በሰፈራችን «ወሬ እትዬ ውዴ ቤት ሳያድር ገበያ አይወጣም» ይባላል። ያን ዕለት ነጭ ለብሰው፣ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልለው ይዘው ነበር።

«ግቢ፣ ውዴ» አለች እናቴ።

«መግባቱንስ ልገባ ነው የመጣሁ። ሁለት ዓመት ቦታ የለም ስትሉኝ ኖራችሁ። የፋንታውን ነፍስ ይማርና አሁን ቦታ አለ።» ዳቦውን መደቡ ላይ አስቀምጠው በጽዋው ፊት ተንበረከኩ። «ስለ ኡራኤል ብላችሁ አስገቡኝ።»

ጽዋው በተቀመጠበት በመልአኩ ስም የተለመነ ልመና አይመለስም። ሁሉም ያውቁታል፣ እትዬ ውዴም ያውቁታል።

አለምነው ጉሮሮውን ጠረገ። «እትዬ ውዴ፣ የኛ ማኅበር ዳቦው ደረቅ ነው። የሚካኤሎቹ ዘንድ ቢገቡ አይሻልዎትም? እነሱ ይደግሳሉ።»

«ጥርስ አላነሰኝም» አሉ እትዬ ውዴ፣ ከተንበረከኩበት ሳይነሡ።

እናቴን አየኋት። እጇ የሚያማት ጉልበቷ ላይ ነበር፣ ጣቶቿ ይጨብጣሉ ይለቃሉ። ካስገቧቸው የአሥራ አንድ ሰው የሃያ አንድ ዓመት ምስጢር በአንድ ገበያ ቀን ያልቃል። ካላስገቧቸው ደግሞ ባዶው ቦታ እዚያው ተነጥፎ ይታያል፤ ሰው «ለምን?» ማለት ይጀምራል። እኔ ሒሳቡን ቶሎ ሠራሁት። ቶሎ በመሥራቴም ራሴን ብልህ አድርጌ አየሁ።

«ቦታው ተይዟል፣ እትዬ ውዴ» አልሁ።

«በማን?»

«በእኔ።»

እናቴ ዞራ አየችኝ። መምሬ ይሻውም አዩኝ። ከዚያ «ነይ እንግዲያ» አሉ። ከእትዬ ውዴ ጎን ተንበረከክሁ። ጽዋውን በሁለት እጃቸው ይዘው «እስከ መቼ?» ብለው ጠየቁኝ። ይህን ጥያቄ በልጅነቴ ከመጋረጃ ጀርባ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ።

«እስከ ዕለተ ሞቴ» አልሁና ጠጣሁ።

እትዬ ውዴ ተነሥተው የቀሚሳቸውን አቧራ አራገፉ። «ሕንድ አገር ደርሶ የመጣ ሰው እግዜር ዘንድም ቅድሚያ አለው መሰለኝ» አሉ። ድምፃቸው እንደ ጠበቅሁት አልተቆጣም፤ ደከመ። ዳቦውን ትተውት ሄዱ። ገና ትኩስ ነበር።

ሰው ከተበተነ በኋላ እናቴ አጎዛውን እያጠፈች «ማመኑን ሳታምኚ መማሉን ከየት አመጣሽው?» አለችኝ።

«ሌላ ምን ልበል? አንቺ ዝም አልሽ።»

«እያሰብሁ ነበር። ሰው ያስባል።» አጎዛውን አስቀመጠች። «ሐምሌ ትሄጂያለሽ። ወኪልሽ ማን ሊሆን ነው?»

«አንቺው።»

«እኔ የራሴ ቦታ አለኝ። ሁለት ቦታ ላይ አልቀመጥም።»

አዲስ የገባ ሰው ቀጣዩን ተራ ይወስዳል። ስለዚህ ጽዋው እኛ ቤት ቀረ፤ የሰኔው መድኃኒት ማምጣትም በእኔ ላይ ወደቀ።

ሰኔ ዘጠኝ ዕለት የአሥራ አንድ ሰው ካርድ በፌስታል ጠቅልዬ፣ አገልግሉን አንግቼ ወደ ጤና ጣቢያ ወረድሁ። ከጉና በኩል የሚመጣው ነፋስ ዝናቡን በጎን ያስገባዋል፤ ጭቃው ጫማ ያወልቃል። የመድኃኒቱ ክፍል ከኋላ ነው፣ ከዕቃ ግምጃ ቤቱ አጠገብ። ከፊቱ አንድ አግዳሚ ወንበር አለ። የሚቀመጡበት ሰዎች ሁሉ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ። ግድግዳው ላይ የሚነበብ ነገር የለም።

የክፍሏ ነርስ ሲስተር ትዝታ የማኅበሩን ሰዎች ከመጀመሪያው ጀምሮ ታውቃቸዋለች። ካርዶቹን ተቀበለችኝ፣ ስለ እናቴ ጉልበት ጠየቀችኝ፣ ከሦስት ወር በፊት የተመዘገበውን እያመሳከረች ብልቃጦቹን አንድ በአንድ ደረደረችልኝ። አሥራ አንድ። በየአፉ ጥጥ ወትፌ አገልግሉ ውስጥ አስገባሁና ክዳኑን ሳልገጥም ወጣሁ።

አግዳሚው ላይ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ የተከናነበች ሴት ነበረች። ስወጣ ቀና አለች። ሰላማዊት ናት፣ የእትዬ ውዴ ልጅ። ኩዌት አምስት ዓመት ሠርታ ከሁለት ዓመት በፊት ተመልሳለች፤ እናቷ «ኩላሊቷን አሟት ነው የመጣች» ብለው ለሰፈሩ አውርተዋል። ዓይኗ ከፊቴ ወደ አገልግሉ ወረደ፣ ከአገልግሉም ወደ ብልቃጦቹ።

«መሲ» አለች። «አንቺም?»

የእናቴ ነው ማለት እችል ነበር። የማኅበሩ ነው ማለትም እችል ነበር። ሁለቱም የሌላ ሰው ምስጢር ነው፤ ግን ዝም ያሰኘኝ እርሱ ብቻ አልነበረም። ነጠላዋ ከአፏ ላይ ወርዶ ነበር። ፊቷ ላይ የነበረው ነገር፣ ከባድ ሸክም ተሸክሞ ዳገት የወጣ ሰው ሌላ ሸክም ያለው ሰው ሲያገኝ የሚታየው ዓይነት ነው። ያን ፊት ይዤ «አይ፣ እኔ እንኳ ለሰው ነው» ማለት አልቻልሁም።

«አዎ» አልሁ።

ፈቀቅ አለችልኝ። ተቀመጥሁ፣ እንደ ሌሎቹ ወደ ግድግዳው ዞሬ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ቆይቷል።»

«እኔን የኩዌቶች ምርመራ ነው የያዘኝ። ፈቃድ ላሳድስ ሄጄ ዕቃዬን እንኳ ሳልይዝ አውሮፕላን ላይ ጫኑኝ።» ቃላቱን እንደ ተለቀመ እህል አንድ በአንድ ታስቀምጣቸዋለች። «ሰው እንዳያየኝ ባሕር ዳር ነበር የምወስደው። መንገዱ ሲዘጋ ሁለት ጊዜ ቀረሁ። ባለፈው አሥራ ዘጠኝ ቀን ያለ መድኃኒት ቆየሁ። ሲስተር ትዝታ ወረቀቴን ወደዚህ አዛወረችልኝ። በአንድ ወር ውስጥ ስመጣ ሦስተኛዬ ነው፤ ባለፈው የሰፈራችን ድንች ሻጭ እዚህ አግዳሚ ላይ አገኘችኝና ‹ምን ሆነሽ ነው?› አለችኝ። ጥርሴን አልኋት። ጥርስ የሚነቀለው ከጤና ጣቢያው ፊት በኩል ነው። የዛሬውን ልውሰድ እንጂ ሌላ ጊዜ አልመጣም።»

«አለመምጣት እንዴት ይሆናል?»

«አልመጣማ። የሆነው ይሁን።» ነጠላዋን አስተካከለችና «ተናድጄብሽ ነበር፣ ታውቂያለሽ?» አለች። «ሕንድ ደርሳ መጥታ የድሃ ቦታ ነጠቀችን ብዬ። እናቴ ተንበርክካ ስትለምን ለራሷ መስሎሽ ነበር? በማኅበሩ አገልግል የእኔን እንድታመጣልኝ ነው። ዛሬ ሳይሽ ግን… አንቺም ያስፈልግሽ ነበር።»

ዝናቡ የቆርቆሮውን ጣራ ይደበድባል። አገልግሉን ጉልበቴ ላይ ይዤ ተቀምጫለሁ።

«እናትሽ ስለ ማኅበሩ ያውቃሉ?»

«አንድ ግድግዳ ነው እኮ። እናትሽ አንድ ዓመት ጥጡን ረስታው ክኒኑ ሲንሿሿ እናቴ ሰምታለች። ከዚያ በፊትም ታውቅ ነበር።»

«ለማንም…»

«እናቴ የሰው ትዳር በወሬ ታፈርሳለች፣ አልክድም። ይህን ግን ከማን ሰማሽ? ሃያ ዓመት። ለእኔ እንኳ የነገረችኝ የራሴን ከነገርኋት በኋላ ነው።»

«ታዲያ ለእናቴ ለምን በግልጽ አልነገሯትም?»

«እኔ ነኝ የከለከልኋት። ለአንድ ሰው ተናግረሽ እንደሁ ተመልሼ በበረሃ እሄዳለሁ፣ አልኋት። እሄዳለሁም።» ወደ እኔ ዞረች። «አንቺም ለእናትሽ እንዳትነግሪ። ማዪልኝ።»

«በምን ልማልልሽ?»

«በምን ትምያለሽ? በኡራኤል ነዋ፣ የማኅበርሽ አይደል።»

በአንድ ወር ውስጥ ለሁለተኛ ጊዜ፣ በማላምነው መልአክ ማልሁ።

ሲስተር ትዝታ ስትጠራት ገብታ ብልቃጧን በነጠላዋ ሥር ሸሽጋ ወጣች። ተቀብያት ጥጥ ወተፍሁበትና ከአሥራ አንዱ ጋር አስቀመጥሁት፣ ዳቦውን በላዩ፣ ጨርቁን በዳቦው ላይ። እርሷ ባዶ እጇን በፊት ለፊቱ በር ወጣች። ድንች ሻጯ ካገኘቻት ጥርሷን ልታሳያት ትችላለች።

ቤት ስገባ ብልቃጡን አውጥቼ በአጥር ላሻግርላት አስቤ ነበር። እናቴ ግን በሩ ላይ ሆና ስትጠብቀኝ አገኘኋት፤ አገልግሉን ከትከሻዬ ተቀብላ መደቡ ላይ ተቀመጠችና እየደረደረች መቁጠር ጀመረች። እጇ አሥራ ሁለተኛው ላይ ቆመ። በብልቃጡ ላይ ቁጥር እንጂ ስም አይጻፍም።

«ይህ የማን ነው?»

ነጩን ጨርቅ አንሥቼ ማጠፍ ጀመርሁ።

«መሠረት።»

«የእኔ አይደለም፣ እማ።»

«ታዲያ የማን ነው?»

ፊቷ ተለዋወጠ። ስድስት ዓመት ርቄ የኖርሁበትን አገር ሁሉ በአንድ ጊዜ ስትዞረው ታየኝ። አለመንገሬ እንደ መናገር እንደሚቆጠርብኝ ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት። «ምያለሁ። ልነግርሽ አልችልም። የእኔ ግን አይደለም» አልኋት። ብልቃጡን ለረጅም ጊዜ በእጇ ይዛ ቆየችና መልሳ ሰጠችኝ። ማታ እርሷ ስትተኛ በአጥር አሻገርሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምግብ ስበላ ታየኝ ነበር፤ ስንት ጉርሻ እንደ ጎረስሁ፣ ሳልሁ አልሳልሁ። አልጠየቀችኝም። ሁለት ሳምንት እንዲህ ኖርን፣ ሁለታችንም እየደከመን።

ሰኔ ሃያ ሁለት የሐዋርያት ጾም ነበር፤ ሽሮና የተቀቀለ ድንች አቀረብን። ከእብናት በኩል የሚመጣው አባል መንገድ ተዘግቶበት ቀርቷል፤ የሌሎቹም ጫማ በር ላይ ጭቃ ብቻ ሆኖ ተደርድሯል። ጸሎቱ ካለቀ በኋላ ተነሣሁ።

«ሐምሌ አምስት እሄዳለሁ» አልሁ። «ወኪል መተው አለብኝ። ወኪሌ እትዬ ውዴ ናቸው።»

መጀመሪያ የሳቀው አለምነው ነው። «ውዴን? ለሬዲዮ ጣቢያ ብንሰጠው አይቀልም? እሱ እንኳ ሌሊት ይዘጋል።»

እትዬ የሺ አልሳቀችም። «ልጆቼ አያውቁም» አለች፣ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ጽዋው እያየች። «ትልቁ ጥር ላይ ሊያገባ ነው። የልጅቱ ወገኖች ቢሰሙ… ባለፈው ከእርሷ ልታድኚን አልነበረም የማልሽው? አሁን ደግሞ በገዛ እጅሽ ታስገቢያታለሽ?»

«ምክንያትሽ ምንድን ነው፣ ልጄ?» አሉ መምሬ።

«ልናገረው አልችልም፣ መምሬ። ምያለሁ።»

«በማን?»

«በኡራኤል።»

«አታምኚም ይሉሽ የለም እንዴ?» አለ አለምነው።

«አላምንም።»

«ታዲያ አፍርሺዋ። ያላመኑበትን መሐላ ማፍረስ ምን ይከብዳል?»

ይከብዳል፤ ለምን እንደሚከብድ ግን ዛሬም ብትጠይቁኝ አላውቅም።

የእናቴ ዓይን ከእኔ ላይ ተነሥቶ ወደ ግድግዳው ሄደ፣ እኛንና እትዬ ውዴን ወደሚለየው። እዚያ ቆየ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻዋ ዝቅ ሲል አየሁት። ከዚያ እጇን ጉልበቷ ላይ ተጭና በዝግታ ተነሣች።

«ማኅበሩን ስንጀምር መምሬ ያሉንን የሚያስታውስ አለ?» አለች።

«ብዙ ነገር ነው ያልሁ» አሉ መምሬ።

«‹ማን ከማን ያዘው፣ እንዴት ያዘው አንጠያየቅም› አሉን። አልተጠያየቅንም። ፋንታውን ጠይቀነው አናውቅም። የሺን ጠይቀናት አናውቅም። እኔንም የጠየቀኝ የለም። ያን ጊዜ ብትጠይቁኝ ኖሮ ተነሥቼ እሄድ ነበር፤ አሁን አጥንቴም አይገኝም።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «እኔ ሙሴ ነኝ። የልጄን ወኪል እቀበላለሁ። የማይቀበል ካለ ይናገር፣ ምክንያት ግን አትጠይቁ።»

እትዬ የሺ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች። አለምነው ተነሥቶ ወጣ፤ ግቢው ውስጥ ዝናብ ላይ ቆሞ አየነው። ቆይቶ ገባ። «ቢያንስ ጥሩ ዳቦ ትጋግራለች» አለና ቦታው ላይ ተቀመጠ። መምሬ «ጥሯት» አሉኝ።

እትዬ ውዴ እጃቸው ሽሮ እንደነካው መጡ። ማን እንደ ጠራቸው፣ ለምን እንደ ጠራቸው አልጠየቁም። በጽዋው ፊት ተንበረከኩ።

«እስከ መቼ?» አሉ መምሬ።

«የሰው ቦታ ነው። ባለቤቷ እስክትመጣ።»

ጠጡ። ከንፈራቸውን ሳይጠርጉ ጽዋውን አንድ በአንድ ለሁሉም አዞሩ። ለእትዬ የሺ ሲደርሱ ቆሙ፤ እትዬ የሺ ትንሽ ቆይታ ተቀበለቻቸው። አዲስ የገባ ቀጣዩን ተራ ይወስዳል፣ ወኪልም ቢሆን። ጽዋውን በነጭ ጨርቅ ሸፍኜ ሰጠኋቸው፤ አገልግሉንም።

በሩ ላይ፣ ሌሎቹ ጫማቸውን ሲፈልጉ፣ እትዬ ውዴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። አግዳሚው ላይ ያልሁትን ልጃቸው ነግራቸዋለች። «ቦታሽን ለእኛ ሰጥተሽ» አሉ፣ «አንቺስ መድኃኒትሽን ከየት ልታገኚ ነው?»

አፌን ከፈትሁ። እናቴ ከኋላዬ ቆማ ነበር። ሰምታለች።

ከሃያ ዓመት በላይ የተመካችበት አንድ ነገር ነው። ዞር ብዬ አላየኋትም፤ ማየት አልቻልሁም።

«እዚያም አለ» አለች እናቴ። «ጠይቀናል። ስለ እርሷ አታስቢ፣ ውዴ።»

እትዬ ውዴ ራሳቸውን ነቀነቁ። የእናቴን ክንድ ያዝ አድርገው ለቀቁ። «አይዞሽ» አሏት፤ እናቴም «እግዜር ይስጥልኝ» አለች፣ የእውነት እንደ ተጽናና ሰው። ከዚያ ወደ ውስጥ ተመልሳ ከሰፌዱ ላይ አንድ እፍኝ የተባዘተ ጥጥ አንሥታ አመጣችላቸው።

«እስከ አፉ ሙይው» አለች። «ግድግዳው ስስ ነው።»

በማግስቱ ጠዋት እናቴ ዳዊቷን ስትደግም አጠገቧ ተቀምጬ ሻንጣዬን አዘጋጅ ነበር። ገጹን ስትገልጥ «ነጻ» የሚለው ወረቀት የነበረበት ቦታ ባዶ ነበር፤ የፕላስተሩ ቅርጽ ብቻ ገጹ ላይ ቢጫ ሆኖ ቀርቷል። እናቴ ባዶው ላይ ጣቷን አሳርፋ መድገሟን ቀጠለች።

አልጠየቅኋትም።